ለሚቀጥለው ዓመት የተላለፈው ድልድይ

«አባትሽ ታሟል፣ ድረሺ» ብለው ደወሉልኝ። በሐምሌ፣ በዚያ ዝናብ፣ ለታመመ ሰው ማንም አይደውልም፤ ገባኝ። ከምሠራበት የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ወጥቼ እስከ አርብ ገበያ በመኪና፣ ከዚያ በጭቃው በእግሬ ወረድሁ። ወንዙ ዳር ስደርስ አባቴ ተቀብሯል። መንደራችን ማዶ ነው፤ ወንዙ ሞልቶ የሚያሻግር ሰው የለም።

ድልድይ ሊኖር ይገባ ነበር። እንዴት እንደቀረ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ የበጀት ባለሙያዋ እኔ ነኝ።

ዐምና በሰኔ ድጎማው ተቀነሰና በጀቱ ጎደለ። ከሁለት ሥራዎች አንዱ መውጣት ነበረበት፤ ወይ የመንደራችን ተንጠልጣይ ድልድይ፣ ወይ ወደ አቶ ሙላው ሆቴል የሚወስደው የጠጠር መንገድ። አቶ ሙላው የከተማው ባለሀብት ነው፤ ሹማምንቱ የሚሰበሰቡት በእሱ አዳራሽ፣ የሚበሉትም የእሱን ጥብስ ነው። ኃላፊዬ ድልድዩ የሚወጣበትን ምክንያት አንቺው ጻፊው አለኝ። የደረጃ ዕድገቴ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ፊርማ ይጠብቅ ነበር። ጻፍሁ፦ «የድልድዩ ተጠቃሚ ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ።» ደብዳቤዬ በማግሥቱ ተፈረመ። አባቴ በደወለ ቁጥር ድልድዩ የት ደረሰ ይለኛል፤ በሂደት ላይ ነው እለዋለሁ። ሌባ ብባል ይሻለኝ ነበር።

አሁን ያ አነስተኛ ቁጥር ማዶ ቆሞ ያየኛል። ብቻዋን እንዳታለቅስ ብለው ለቅሶውን ከደጃፋችን አንሥተው ወንዙ ዳር አመጡልኝ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ሲመቱ ይታየኛል፤ ድምፃቸው ግን አይሰማም። በእኔ በኩል እጄን የሚይዝ አንድ ሰው የለም። እንዲህ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ድምፃቸው ውሃውን አልፎ የመጣልኝ አጎቴ መሪጌታ ካሴ ብቻ ናቸው፤ በቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ድጓ ሲያዜሙ የኖሩ ሰው ናቸው። አፋቸውን በእጃቸው ከበው፣

«ሰብልዬ፣ መንግሥት ገንዘብ አጥሮት ነው፤ አንቺማ ቢቻልሽ ታሠሪልን ነበር። አባትሽም ይህንኑ እንዳለ ነው የሞተ» አሉኝ።

ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ ተነሣሁና ባለኝ አቅም «እኔ ነኝ የሰረዝሁት» ብዬ ጮህሁ። ደገምሁት፣ ሠለስሁት። መሪጌታ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። አባቴን የምጣራ መስሏቸው፣ ማዶ ያለው ሁሉ አብሮኝ አለቀሰ።