የአባባ ፈንታ ሽበት

ወላሂ እውነቱን ልናገር፤ እኔ ኢቲዳል ሽበት ይዞ ከስቱዲዮዬ እንዲወጣ የፈቀድኩለት ሰው አልነበረም። አሶሳ ገበያ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍሌ ሁለቱን ትልልቅ መብራቶች በነጭ ጨርቅ ጋርጄ ከግራና ከቀኝ ሳበራቸው፣ የፊት መጨማደድ የሚባል ነገር ድራሹ ይጠፋል። የተረፈውን በኮምፒውተር ኤዲት አደርገዋለሁ። ሰው ሃያ ዓመት ቀንሶ ይወጣል፣ እኔም ጉራዬን እነፋለሁ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ከምሳ በኋላ፣ ከአምባ ዘጠኝ መንደር ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት በባጃጅ መጡ። አባባ ፈንታና እማማ የወርቅውሃ። በደርግ ጊዜ ከወሎ ከመጡት ሰፋሪዎች ናቸው፤ የወሎ አነጋገራቸው ዛሬም አልለቀቃቸውም። አባባ ሚስታቸውን ክርናቸውን ይዘው፣ "ደረጃ አለ፣ ቀስ" እያሉ አስገቧቸው።

"ሁለታችሁንም ነው የማነሳው?" አልኩ።

"እሱን ብቻ" አሉ እማማ። "ዓይኔን ግፊት ይዞኝ፣ የኔ ልጅ። የሄደው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም አለኝ ሐኪሙ። ሳይዘጋ ፊቱን አይቼ ልጥገብ ብዬ ነው። ቀርቤ ላየው ስል ይሸሸኛል፤ ፎቶው ግን የት አባቱ ይሄዳል!"

አንጀቴን በሉት። "ይሄማ ቀላል ነው!" አልኩ።

አባባን ነጩ መጋረጃ ፊት አስቀመጥኳቸው። ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ቀጥ አሉ።

"አባባ፣ መታወቂያ አይደለም እኮ፣ ይተንፍሱ!"

"ተዪው ልጄ፣ ስንጋባም እንዲሁ ነበር የተገተረው" አሉ እማማ ከጥግ። አባባ ፈገግ አሉ፣ እኔም ያቺን ሳላሳልፍ አነሳሁ።

ሽበቱን አጠቆርኩ፣ ግንባሩን አለሰለስኩ፣ አትሜ ሰጠኋቸው። እማማ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው፣ ወደ መስኮቱ አዘንብለው ቆዩ።

"እሰይ፣ እንዴት ያምራል!" አሉ።

ፎቶውን ዘቅዝቀው ነበር የያዙት።

አባባ አቃንተው እጃቸው ላይ መለሱላቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በራሴ ተናደድኩ፤ ወረቀቱን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

"እማማ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን ይታይዎታል?"

"ጉም" አሉ አንገታቸውን ደፍተው። "እንዳትከፊ ብዬ ነው እንጂ፣ ጉም ነው።"

"ታዲያ እቤት እሳቸውን በምን ይለዩአቸዋል?"

"ወደ ማምሻው ከእርሻ ይመለሳል። እኔ ደጅ ቁጭ እላለሁ፣ እሱ በሩ ላይ ይቆማል። ከኋላው ቤቱ ጨለማ ነው። ፀሐይ ባንድ ጎኑ ስትመታው ፊቱን ትንሽ አገኘዋለሁ። ወዲያው ይገባብኛል።"

ኸላስ፣ አለቀልኝ! ለካ ያጠፋሁባቸው እኔው ነኝ። ነጭ መጋረጃ፣ ነጭ ብርሃን፣ መስመር የሌለው ፊት፤ የደከመ ዓይን ምኑን ይያዝ?

ፀሐይዋ ዘንበል እስክትል ጠበቅንና ወደ ጓሮ ወጣን። ከማንጎው ዛፍ አጠገብ የጎረቤቴ መጋዘን አለ፤ በሩ ሲከፈት ውስጡ ድቅድቅ ነው። አባባን በሩ ደፍ ላይ አቆምኳቸው። ጥላውን ለማለስለስ ሁሌ ባንድ ወገን የማቆመውን ነጭ ሰሌዳ ያን ቀን ማንጎው ላይ አስደግፌ ተውኩት። በካሜራው ሳይ እያንዳንዱ ሽበትና እያንዳንዱ የግንባር መስመር ወጥቷል። ደንበኛ ቢያየው ስሜ ይጠፋል።

አንስቼ ስጨርስ አባባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ ሽበቱንና ጭረቱን ግን እንደ ቅድሙ አጥፊልኝ። ዓይኗ ሲደክም ጠጉሬ ጥቁር ነበር። እሷ ዘንድ ገና ጎልማሳ ነኝ። እንዲያው ልቅር።" እማማን ለምን እንደሚሸሿቸው ያኔ ገባኝ።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ሥራዬ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ግን መስመሩን ባጠፋ ጉሙ ተመልሶ ይመጣል። እኚህ ሴት ደግሞ ሌላ ጊዜ የላቸውም። አባባን ልስማ ወይስ እማማን? ይቅር ይበሉኝ አባባ አልኩ በሆዴ። አንዲት ነገር ሳልነካ ጥቁርና ነጭ አድርጌ በትልቁ ወረቀት አተምኩት።

እማማ ተቀብለው አስጠጉት። አባባ ወደ በሩ አፈገፈጉ። የእማማ ጣት የግንባሩን መስመር ተከትሎ ወረደና ጢሙ ላይ ቆመ።

"ፈንታዬ።"

"አቤት።"

"ሳትነግረኝ አረጀህ?"

"ፈርቼ ነው" አሉ አባባ። "የምታውቂውን ሰው እንዳላሳጣሽ ብዬ።"

"አይ ሞኞ! ድምፅህ ሲሻክር እሰማ የለ? እጅህ ሲደርቅ እይዘው የለ? ፊትህ ብቻ ነበር የቀረብኝ። ና፣ ቅረብ።"

አባባ ቀረቡ፣ አልሸሹም። እማማ ባንድ እጃቸው ፎቶውን እንደያዙ፣ በሌላው የአባባን ጉንጭ ዳበሱ፤ ፎቶው ላይ ያዩትን መስመር ፊታቸው ላይ አንድ በአንድ እየፈለጉ አገኙት።

"በቃ፣ ይዤሃለሁ" አሉ። "ከእንግዲህ ቢጨልምም ይጨልም።"

እኔ ፕሪንተር የማስተካክል መስዬ ዞርኩ። እንባዬን በሻሼ ጫፍ ጠረግኩ። ሲወጡ አባባ ወደ ኋላ ቀረት ብለው አዩኝ።

"አላጠፋሽውም።"

"አላጠፋሁትም አባባ። ይቅር ይበሉኝ።"

ግንባሬን ሳሙኝ።

ባጃጁ እስኪነሳ በር ላይ ቆሜ ሸኘኋቸው። እማማ ፎቶውን ፖስታ ውስጥ አላስገቡትም። ጭናቸው ላይ ዘርግተውት ነበር፣ አናቱን ወደ ላይ አድርገው።