የኤላዲዮ ቀበቶ

«ቀበቶውን ፈትቶት ይሆን?»

ዶሲንዳ ይህን የጠየቁት ማንንም አልነበረም። ማጠቢያው ላይ ጎንበስ ብለው የእንግዶቹን ስኒ እያለቀለቁ ለውሃው ነው የተናገሩት። ከወዲያኛው ክፍል የለቅሶ ቤት ጉምጉምታ ይሰማል፤ ወንበር ይንሸራተታል፣ ሰው ያስላል፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ልጃቸው ኤላዲዮ ዓሣ ሊያድን ባሕር እንደገባ ከቀረ ወዲህ የመንደራቸው የላሼይሮ ሰው እግሩ ከዚህ ቤት አልጠፋም። ሲመጣ ግን ዐይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። አስከሬን የለ፣ ሳጥን የለ። ሳጥኑ ሊቀመጥበት ይገባ በነበረው ቦታ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ሻማ ብቻ ይበራል።

የቀበቶው ነገር እንዲህ ነው። በዚህ ባሕር የሚጠልቅ ሰው ብርዱን የሚቋቋመው ወፍራም የጎማ ልብስ ለብሶ ነው። ጎማው ደግሞ እንደ ቡሽ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ጠላቂው ወደ ታች እንዲወርድ እርሳስ ቀልጦ የተሠራ ክብደት በቀበቶ ደርድሮ ይታጠቃል። ቀበቶው በአንድ እጅ ሳብ ሲያደርጉት የሚለቅ ነው። ጭንቅ ከመጣ ሰውየው ይፈታዋል፣ ጎማው ወደ ላይ ያወጣዋል። ኤላዲዮ ፈትቶት ከነበረ ሞገዱ ወስዶታል፤ የት እንዳደረሰው የሚያውቀው አንድ እግዚአብሔር ነው። ካልፈታው ከወደቀበት ንቅንቅ አላለም፤ እዚያው፣ ከኩሽናው መስኮት ከሚታየው ጥቁር ቋጥኝ ሥር ነው።

ዶሲንዳ የትኛውን እንደሚመኙ ራሳቸውም አያውቁትም። ፈትቶት ከሆነ ታግሏል ማለት ነው፤ ይህን ሲያስቡት የራሳቸው ትንፋሽ ያጥራል። ካልፈታው እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ሳያውቀው ሄዷል፤ ያ ይሻላል። ግን ያ ከሆነ ቅርብ ነው። ቅርብ ከሆነ ደግሞ ሄጄ ላውጣው የሚል ሰው ቤት ውስጥ አለ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ያን ስኒ ፍቀሽ ፍቀሽ አበባውን ልታለቅቂው ነው እኮ። ተቀመጪ።» ጎረቤታቸው ኤርሚታስ ነበረች፤ በሁለት እጇ በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ዳቦ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ሳትጠየቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ውስጡ ያለው ዓሣ የቆርቆሮ ነው። ከሱቅ ነው የገዛሁት» አለች።

«ዐውቃለሁ» አሉ ዶሲንዳ።

ሰው ባሕር ውስጥ እያለ ከዚያ ባሕር የወጣ ነገር በላሼይሮ አይበላም። ጀልባዎቹ የያዙትን ወደ ከተማ ይልኩታል እንጂ ወደ ቤት አያስገቡትም። ሸርጣን ምን እንደሚበላ፣ ኮንግሪዮ የሚሉት እባብ መሳይ ዓሣ በየስንጥቁ ምን እንደሚጠብቅ የማያውቅ የለም። የሚናገረውም የለም። ትናንት ከደጋው የመጣች የአንዱ ሚስት፣ የዘንድሮ ኦክቶፐስ ርካሽ መሆኑን ልታወራ ስትጀምር አማቷ ጉልበቷን ሲቆነጥጡ ዶሲንዳ በበሩ ስንጥቅ አይተዋል። ልጅቷ ቀላች፣ ከዚያ ገባት፣ ከዚያ ነጣች።

ከሰዓት በኋላ ሞንቾ መጣ። የኤላዲዮ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ትንሽ ጀልባ አለው፣ አብረው ይጠልቁ ነበር። ቀኝ ጆሮውን በጥጥ ደፍኖታል። ኤላዲዮ የቀረ ዕለት፣ ማዕበሉ ሳይነሣ፣ ሊፈልገው ሲወርድ ሲወጣ ቆይቶ የጆሮው ታምቡር ተቀደደ። ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ኩሽናው መሃል ቆመ።

«ተቀመጥ የኔ ልጅ። መረቅ ልቅዳልህ?»

«በልቻለሁ፣ እማማ ዶሲንዳ።»

«የት በላህ አንተ? ፊትህ ባዶ ጆንያ መስሏል።» ቀዱለት። ማንኪያውን ሲያነሣ ጠብቀው፣ «ፈትቶታል ትላለህ?» አሉት።

«እማማ፣ ትናንትም ጠይቀውኛል።»

«ዛሬም እየጠየቅሁህ ነው።»

«ቢፈታው ኖሮ ሄሊኮፕተሩ ያየው ነበር። ይመስለኛል።» ማንኪያውን መለሰው። «አላውቅም። በእናቴ አላውቅም። ያ ሰው ታች ሲሆን ሌላ ሰው ነበር፤ እርስዎ አላዩትም። እዚህ እኮ የወረፋ ትዕግሥት እንኳ አልነበረውም፣ የዳቦ ወረፋ ጥሎ የሚሄድ ሰው። ታች ግን ድንጋዩን ጨብጦ ይተኛል። በቢላዋው አለቱን ጫር፣ ጫር ያደርጋል። ፒንቶ የሚባለው ዓሣ ወሬ ይወዳል፣ ምንድን ነው ብሎ ከባሕር ሣሩ ብቅ ይላል። እኔ አየር አጥሮኝ ወጥቼ፣ ተንፍሼ፣ አፍንጫዬን ተናፍጬ ስመለስ እሱ እዚያው ነው። ‹ውጣ እንጂ አንት ግመል› እለው ነበር። ‹አሁን ሊመጣ ነበር እኮ› ይለኛል።»

ዶሲንዳ ፈገግ ሊሉ ነበር። እውነት ነው፤ ልጃቸው መጠበቅ የሚችለው ውሃ ውስጥ ብቻ ነበር። በመጋዝ ቤቱ ሥራ አልከረመም፣ በግንበኝነቱም። ሚስቱ ስዊዘርላንድ ሆቴል ልትሠራ ሄዳ እዚያው ስትቀር፣ ደጋግሞ ደውሎ ባታነሣለት፣ ስልኩን ከመስኮት ወረወረው። ግን በዚያው ሳምንት፣ ጓሮ የወደቀውን ዛፍ ጠርቦ ጠርቦ በላስቲክ የሚተኮስ የዓሣ ጠመንጃ ሠራበት። አጭር ነው። በሙቀቱ ወር የማድሪድ ሰዎች ቁመታቸውን የሚያህል፣ የሚያብረቀርቅ ይዘው ሲመጡ እሱ በራፍ ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር፤ «የእኛ ውሃ ድፍርስ ሾርባ ነው፣ እማዬ። እነሱ ዓሣውን ከማየታቸው በፊት ጠመንጃቸው ይወጋዋል።» እርሳሱንም ራሱ ነበር የሚያቀልጠው፤ ከመኪና ጎማ የወለቀ የእርሳስ ቁርጥራጭ ሰብስቦ፣ በእሳቸው ድስት። ያ ድስት ከዚያ በኋላ ለዶሮዎቹ እንኳ አልሆነም። ሲጮሁበት ቤቱን በሳቅ አናጋው፤ ሲጨርስ ከሁሉ ትንሿን ቀበቶ ልጁን ሳቤላን አስታጠቃት።

ይህንኛውን ትዝታ ዶሲንዳ አይወዱትም። ሳቤላን ባሕር ያስገባት የእሳቸው አፍ ነው። «ብቻህን አትግባ፣ ብቻህን አትግባ፣ አንድ ቀን ማን ያየሃል» እያሉ ዓመት ሙሉ ሲነዘንዙት፣ እሺ ብሎ ልጁን አስተማራት። ከዚያ ወዲያ ከዚህ መስኮት ሆነው በአንድ ፈንታ ሁለት ብርቱካናማ ኳስ ነበር የሚጠብቁት፤ ከሥር ሰው መኖሩን የሚያሳዩትን ሁለት ተንሳፋፊ ኳሶች።

«የመንግሥት ጠላቂዎቹስ?» አሉት ሞንቾን።

«ማዕበሉ ጨርሶ ካልተኛ ከቋጥኙ ሥር ያለው ስንጥቅ ውስጥ አንገባም ብለዋል። አልፈርድባቸውም። ቦታውን አያውቁትም። የምናውቀው እኔና ኤላዲዮ ነን…» በሩን አየ። «እና ሳቤላ።»

ሳቤላ በሩ ላይ ነበረች። የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ የአባቷን ሹራብ ለብሳ እጅጌው ጣቷን ውጦታል።

«ነገ ጠዋት ነፋሱ ይዞራል፣ ውሃውም ይጎድላል» አለች። «ከኔ ጋር ትገባለህ?»

ሞንቾ ጥጡን በጣቱ ነካ። «ሳቤላዬ፣ በዚህ ጆሮ ትንሽ ወረድ ካልሁ ላይና ታቹ ይጠፋብኛል። አባትሽን ትተሽ እኔን ልትፈልጊ ነው። ጀልባዋን ይዤ ከላይ እሆናለሁ። ከዚያ በላይ ግን…»

«ጀልባዋን አምጣት።»

«ማንም የትም አይሄድም» አሉ ዶሲንዳ።

ሁለቱም ወለል ወለሉን አዩ።

ሲመሽ፣ ሴቶቹ የመቁጠሪያ ጸሎት ሲጀምሩ፣ ዶሲንዳ ዶሮ ላስገባ ብለው በጓሮ በር ወጡ። የሳቤላ ቀበቶ ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ትንሽ ነው ሲባል ሰምተው ነበር፤ ሲያነሡት ወደ መሬት ይዟቸው ሊወርድ ምንም አልቀረውም። እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ እያረፉ፣ በድንጋይ እግር ከፍ ብሎ ወደቆመው የበቆሎ ጎተራ ወሰዱት። ጥግ ከተቱት፣ በቆሎ ናዱበት። ያለ እርሳስ ጎማው አያሰምጥም፤ ይህን ያህል ከልጃቸው ተምረዋል። በሕይወታቸው ከጉልበታቸው በላይ ውሃ ገብተው አያውቁም። ማድረግ የሚችሉት ይህን ብቻ ነበርና አደረጉት፤ ያን ምሽት መረቅ ጠጡ፣ ትንሽም ሸለብ አላቸው።

ጠዋት ባሕሩ ተኝቷል።

ሳቤላ ከዕቃ ቤት ተመለሰች። ስለ ቀበቶው አልጠየቀችም። ክንዷ ላይ ሰማያዊ ነገር ጣል አድርጋለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ልብስ።»

«ይሄ ስሱ አይደለም እንዴ? የሙቀቱ ወር? በዚህ ብርድ ይሄን የለበሰ እብድ ነው ይል አልነበር አባትሽ?»

«ይል ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ስስ ስለሆነ ብዙ አያንሳፍፍም፣ አያቴ። ድንጋይ ታቅፌ እወርዳለሁ። እርሳሴን የወሰደው ሰው ይሄን አላሰበውም መሰለኝ።» አልተቆጣችም። የደከመው ሰው አነጋገር ነበር።

ዶሲንዳ የልብሱን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙት። ከራሳቸው የሌሊት ልብስ አይወፍርም። «በዚህ ምን ያህል ትቆያለሽ?»

«እጄ እስኪደነዝዝ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ያን ቀን ወፍራሙን ለብሼም ቶሎ ደነዘዘኝ። አባቴ ውጪ አለኝ፣ ወጣሁ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ። ኳሱ ሲነቃነቅ አየሁት፣ አያቴ። ጎተት ጎተት አለ። ትልቅ ሮባሊሳ ዓሣ መታ አልኩ። ማታ እያጋነነ ሲያወራልሽ ታየኝና ሳቅሁ። ብቻዬን ሳቅሁ።»

ዶሲንዳ ያወጡት ያንኑ ፍርሃታቸውን ነበር።

«ሁለታችሁንም ልቅበር ነው የምትይኝ?»

«አንዱን መች ቀበርሽ።»

ከወዲያኛው ክፍል የአንድ ሽማግሌ ሳል መጣ። ዶሲንዳ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ልጅቷ ክፉ ልትናገራቸው አልነበረም፤ ግን የማያወጡትን ነገር ነው የነካችባቸው። ሌሊት ሌሊት የሚመኙት ይህንኑ ነበር፤ ይምጣልኝ፣ ምንም ሆኖ ይምጣልኝ፣ የራሱ መቃብር ይኑረው። ማን ያመጣዋል ብለው ግን እስከ መጨረሻው አስበውት አያውቁም። አስበውት ነበር፤ እዚያ ላይ ሲደርሱ ይተዉት ነበር። አሁን ብትሄድም ያው፣ ብትቀርም ያው። ብትቀር በዚህ ወንበር ላይ እንዲህ እንደተቀመጠች ዕድሜዋን ትጨርሳለች። ብትሄድ ደግሞ በዚህ ጨርቅ ትሄዳለች፤ እሳቸው ከልክለዋት፣ እሳቸው አራቁተዋት።

ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ።

ቀበቶውን ሲመልሱት መሸከም አቅቷቸው በጓሮው ጭቃ ላይ ጎተቱት። ሳቤላ ልትቀበላቸው ተነሣች፤ በእጃቸው አገዷት።

«መጀመሪያ ታጠቂው። እዚሁ። በልብስሽ ላይ።»

ታጠቀችው።

«ፍቺው።»

ሳብ አደረገችው። እርሳሱ የኩሽናው ንጣፍ ላይ ሲወድቅ ቤቱ ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያ ክፍል ወሬው ቀጥ አለ።

«በግራሽ።»

«አያቴ።»

«በግራሽ አልኩሽ። ቀኝሽ ደንዝዞ ቢሆንስ?»

በግራዋ ፈታችው። ደግሞ ወደቀ። ንጣፉ ተሰነጠቀ። ኤርሚታስ በሩን ገርበብ አድርጋ አየች፣ የወደቀውን ቀበቶ አየች፣ መልሳ ዘጋችው። ዶሲንዳ ዐይናቸውን ጨፍነው ያን ድምፅ ይሰሙ ነበር። «እንደገና» አሉ። ልጅቷ እንደገና አደረገችላቸው። ስንቴ ቢደጋግሙት በቂ እንደሚሆን አያውቁም ነበር፤ ድካም ነው ያስቆማቸው።

ሳቤላ ወፍራሙን ልብስ አመጣች። ሱሪውን እንደምንም እየታገለች አስገባችው። የላይኛው ግን ራስ መሸፈኛ ያለው፣ ውስጡ የሚይዝ ጎማ ነው፤ ደረቅ ሰውነት ላይ አይወጣም። ሞቅ ያለ የሳሙና ውሃ ውስጡ ይፈስስበታል፤ አባትና ልጅ አንዱ ለሌላው ነበር የሚያፈሱት። ልጅቷ ልብሱን አፉን ከፍታ ያዘችው፤ የሚያፈስላት ስታጣ ወደ ማጠቢያው አየች።

ዶሲንዳ ለእንግዶቹ ቡና የጣዱትን ውሃ ከምድጃው አነሡት። ማሰሮ ውስጥ ቀዱ፣ ሳሙናውን በመዳፋቸው አሟሙ፣ ቀዝቃዛ ጨመሩበት። ከዚያ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክርናቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ፤ ሕፃን ሊያጥቡ እንደሆነ። ትንሽ አቃጠላቸው። ቀዝቃዛ ጨመሩ፤ ደግመው ክርናቸውን ነከሩ፤ ጠበቁ።

«ይበቃል፣ አያቴ።»

«ቆይ።»

ልክ ሲሆንላቸው ውሃውን ቀስ ብለው በልብሱ አንገት አፈሰሱት። ሳቤላ እጆቿን ሰደደች፣ ራሷን ሰደደች፣ እንፋሎት ከደረቷ ላይ ተነሣ። ከግንባሯ የወጣችውን ጠጉር ዶሲንዳ በጣታቸው ወደ ውስጥ መለሷት። ጣታቸውን ከዚያ ማንሣት አቃታቸው፤ ልጅቷ ናት ይዛ ያወረደችው።

ቀበቶውን ትከሻዋ ላይ ጣለች፣ የቀረውን ዕቃ በሌላ እጇ ያዘች፤ በሐዘንተኞቹ መሃል አለፈች። ሰዎቹ አስከሬን ሲያልፍ እንደሚደረገው አንድ ባንድ ተነሡላት። ሳቤላ ማንንም ሳታይ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች።