የፈሰሱ ዋስ

ሰገነት ደብረ ማርቆስ ከተማ ለጎርፍ ቦይ ድንጋይ ስትሸከም ሦስት ዓመቷ ነው። ያየ ሁሉ "ጨዋ ሴት ናት" ይላል። ጨዋነት አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ እንጨት እንጨት ብሏት ነው። ብትሰድባት አትመልስ፣ ብታመሰግናት አትስቅ። አብሯት የሚሠራ ጌቾ የሚባል ቀልደኛ አለ። አንድ ቀን ጫማዋ ውስጥ እንቁራሪት ቢያስገባባት፣ አወጣችና ሳሩ ላይ አስቀመጠቻት፣ ጫማዋን አጥልቃ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ጌቾም ተዋት፤ የማይደነግጥ ሰው ማስደንገጥ ምኑ ደስ ይላል!

ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። ባሏ ይርዳው ጉንደ ወይን አጠገብ በፈሰስ ሰበብ ሰው ገድሎ ታስሯል። ፈሰስ ያው ገበሬ ክረምት ሲገባ ማሳውን ጎርፍ እንዳይበላበት በሞፈር የሚያወጣት የውሃ መንገድ ናት። ውሃው ካንዱ ማሳ ይወጣል፤ ወጥቶ ግን ሰማይ አይሄድም፣ ከታች ባለው ሰው ላይ ነው የሚወርደው። ከታች የነበረው ታረቀኝ ነበር። አንድ ሐምሌ ጠዋት ታረቀኝ የዘራው ጤፍ ተጠርጎ አገኘውና ፈሰሱን ሊደፍን መጣ። ይርዳው አትደፍንም አለ። ያዙኝ ልቀቁኝ ተባባሉ፤ አንድ የዶማ እጀታ ነገሩን ጨረሰው።

ሰገነት ያን ቀን አልጮኸችም። መንደሩ ያማት በዚህ ነው። "ዓይኗ እንኳ አልረጠበም እኮ!" አሉ ለቅሶ የሚያውቁት ሴቶች። ደንዝዛ እንደሆነስ ብሎ የጠየቀ የለም። የሟች ወገን ደም እንዳይፈልግ ፈርታ ልጇን ሂዊን ይዛ ከተማ ገባች፤ ፈርታም ከሆነ ነው፣ እሷ መፍራቷንም እርግጠኛ አይደለችም። እግሯ ወሰዳት፣ ሄደች።

ዘንድሮ ታዲያ ወገቧ ከዳት። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ ብርሃን ላይ አንጠልጥሎ "ከእንግዲህ ድንጋይ ከተሸከምሽ አትነሺም" አላት። በዚያው ሰሞን የቦይ ሥራውን ቡድን የሚመራ ሰው ሊቀጠር ነው፣ ግን ወረቀት ያለው ብቻ ነው ተባለ። ወረቀቱ ሲኦሲ የሚሉት ነው፤ ኮሌጅ ጨርሰሽ፣ የማያውቁሽ መዛኞች መጥተው "ይህች ሰው ጎርፍ ማስቀየስ፣ አፈር ማቆየት ታውቃለች" ብለው የሚፈርሙበት። ቡድን መሪ ድንጋይ አይሸከምም። እስከ ግንቦት መጨረሻ ወረቀቱን ያላመጣ ግን አይቀጠርም።

ሰገነት ከሥራ መልስ ኮሌጅ ስትማር ከርማለችና የጽሑፉን ፈተና አለፈች። "እንኳን ደስ አለሽ!" አሏት። "እሺ" አለች። የቀረው የተግባሩ ነው።

የተግባሩን ፈተና ወደ ሮብ ገበያ ሲወጡ ካለ አንድ ተዳፋት ላይ አደረጉት። ግንቦት ስድስት፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። ተፈታኞቹ ስምንት ናቸው፣ ጌቾም አለበት። መዛኙ ውበቱ የሚባል ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ብብቱ ውስጥ ፋይል፣ አንገቱ ላይ ፎጣ። ለእያንዳንዳቸው ካስማ፣ ገመድ፣ ውሃ ልክና ዶማ ሰጣቸው። "ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀልብ ቦይ ታወጣላችሁ። በአስር ሜትር አምስት ሳንቲ ብቻ እየወረደ ይሄዳል። መጨረሻው ወሰኑ ላይ ይከፈታል። ሁለት ሰዓት አላችሁ" አለ።

ሰገነት ካስማዋን ተከለች፣ ገመዷን ወጠረች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፣ እሷ ዝም ብላ ታየዋለች፤ የሌላ ሴት እጅ ይመስል። ጌቾ ከጎኗ ውሃ ልኩን ገልብጦ እያየ "ይቺ አረፋ የት ነው መቆም ያለባት?" ብሎ ሹክ አለ። "መሃል" አለችው። "መሃሏ የቱ ነው?" አለ። ገመዷን ይዛ ወደሚቀጥለው ካስማ አለፈች።

ቦዩ ተሠርቶ ሊያልቅ አፉ ብቻ ቀረ። ወሰኑ ላይ ዶማዋን አነሳችና ቀና አለች። ከታች ድንች ተዘርቶ ቅጠሉ ብቅ ብቅ ብሏል፤ አረንጓዴ፣ ገና ጨቅላ። ዶማው አየር ላይ ቀረ። አላዘነች፣ አልፈራች፣ ይርዳውም ትዝ አላላት። ክንዷ አልወርድ አለ፣ ሌላ ምንም። ትንሽ ቆማ ዶማውን አስቀመጠችና ቁልቁል ወረደች።

ድንቹ ጫፍ ላይ አንዲት መነኩሲት መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ይባላሉ፤ ከጠዋት ጀምሮ የላዩን ቁፋሮ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እያዩ ነው የዋሉት።

"ማነሽ አንቺ?"

"ተፈታኝ ነኝ እማሆይ።"

"እኔን ሰይጣን ሲፈትነኝ ስንት ዘመኑ፣ የሰው መሬት አልቆፈርኩም!"

"ድንቹ የርስዎ ነው?"

"የማን ሊሆን ነው? የመንግሥት?"

"ቦዩ አፉ ወደዚህ ነው የሚከፈት። ልከፍተው ነው። ልጠይቅዎ ብዬ ነው።"

እማሆይ ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። "ይኸው ጠያቂ አየሁ!" አሉ። "አምናም መጡ። ቆፈሩ፣ ተጨባበጡ፣ ፎቶ ተነሱ። ማታውን እንደፍነዋለን አሉኝ። ክረምቱ ገባ፤ ማን ደፈነው? ድንቼ ነው የደፈነው፣ ተጠርጎ ገብቶበት! አፈር ጠባቂ ነን ይላሉ ደግሞ።"

"እኔ እደፍነዋለሁ። ማርያም ሳትውል መጥቼ።"

"አገርሽ የት ነው?"

"ወደ ጉንደ ወይን።"

"አላውቅሽም፤ ዋስ ጥሪ።"

ሰገነት ዞር ብላ አየች። እዚያ አገር የሚያውቃት ሰው የለም። ተፈታኞቹ ሁሉ ጎንበስ ብለው ይቆፍራሉ፤ ጌቾን ዋስ ብትጠራ ደግሞ እማሆይ በመቋሚያ ነው የሚሏት። ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ሰው ነው ያለው። ወጣችና ፊቱ ቆመች።

"አቶ ውበቱ፣ ዋስ ይሁኑኝ።"

"ምን?"

"ቦዩን እንደምደፍን። ባለመሬቷ ዋስ ጥሪ ብለውኛል።"

"ሰገነት፣ ፈተና ላይ ነሽ እኮ! ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የቀረሽ። አፉን ክፈቺና ጨርሺ። ፎርሙ ላይ ባለመሬት የሚል የለም።"

"አልከፍትም።"

"ትወድቂያለሽ።"

"እሺ።"

ውበቱ በስንት ዓመት መዛኝነቱ ሲለምኑት፣ ሲያለቅሱበት፣ አማላጅ ሲልኩበት አይቷል። እንዲህ "እሺ" ያለው ሰው ግን የለም። ፊቷ ላይ ግትርነት እንኳ አጣ፤ ግድግዳ ነው። ይኼኔ እማሆይ እያለከለኩ ደረሱ።

"አንተ፣ የማን አገር ልጅ ነህ?"

"የደምበጫ ነኝ እማሆይ።"

"ደምበጫ ዋስ መሆን ቀረ?"

"አልቀረም... እኔ ግን መዛኝ ነኝ፣ ሕግ አለ..."

"ሕጉ ባለፈው ክረምት የት ነበር? ጎርፍ ድንቼን ሲወስደው የት ተሰወረ?"

ውበቱ ፋይሉን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ የመነኩሲቷን ቆብ አየ። አባቱ ገበሬ ነበሩ፤ ማሳ ላይ ቆሞ በሽማግሌ ፊት ዋስ አልሆንም ያለ ሰው መንደር ውስጥ ስሙ ምን እንደሚሆን ሲያይ ነው ያደገው። "ይሁን" አለ ዝቅ ብሎ።

"አይሰማኝም!"

"ዋስ ነኝ!" አለ ጮክ ብሎ። ሰባቱ ተፈታኞች በአንዴ ቀና አሉ።

"እሷ ብትቀር?"

"እሷ ብትቀር እኔ እደፍናለሁ።"

"እግዜር ይስጥህ" ብለው እማሆይ ወረዱ። ሰገነትም ወርዳ አፉን በስድስት የዶማ ምት ከፈተችው። ክንዷ ታዘዘ። ውበቱ ገመዱን ዘርግቶ ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ከስምንቱ ልኩ ያልተዛነፈው የሷ ነበር። "ብቁ" ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ጌቾ ግን አፍ አለው። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ "ሰገነትዬ መዛኙን ዋስ አስጠራችው!" እያለ የእማሆይን ድምፅ፣ የውበቱን ጩኸት፣ የሰገነትን "እሺ" እያስመሰለ ሰውን በሳቅ ገደለው። ክፋት አላሰበም። ሳቁ ግን ከመኪናው ወረደና ሻይ ቤት ገባ፤ ከሻይ ቤት ኮሌጅ፣ ከኮሌጅ የምዘናው ቢሮ። ቢሮ ሲደርስ ቀልድነቱ አልቆ ነበር። "መዛኙ ለተፈታኟ ዋስ ሆኗል" ነው የቀረው። ዋስ የሚሆነው ደግሞ ዘመድ ነው፣ ወይ ጉርሻ የቀመሰ። ውበቱን ጠርተው "ምንህ ናት?" አሉት። "ምኔም አይደለችም፣ ዋሷ ነኝ" አለ። ይህንንም ጻፉበት።

ግንቦት አስራ አምስት ውጤት ተለጠፈ። ከስሟ ትይዩ "ተሰርዟል" ይላል። ድጋሚ ምዘና ከመስቀል በኋላ ነው አሏት። ጌቾ አልፏል። እንዴት እንዳለፈ እሱም አያውቅም።

ሰገነት ቃሉን አንብባ ስታበቃ ስሙን አየች፤ የራሷ ነው። ወገቤ ብላ አሰበች፣ ሂዊ ብላ አሰበች፤ ቃሎቹ መጡ፣ ሌላ ነገር አብሯቸው አልመጣም። ውጤት ሊያዩ የመጡ ሴቶች ከሩቅ ያዩዋታል፣ ታለቅስ እንደሆነ።

ጌቾ ጆሮው ቀልቶ መጣ። "እኔ ነኝ ያበላሸሁብሽ። ስደቢኝ።"

"ለምን?"

"ስደቢኝ እንጂ! አንዴ በጥፊ በይኝና ይውጣልኝ!"

"ሥራ ሊገባ ነው፣ ልሂድ።"

"ቆይ" ብሎ ነጠላዋን ያዘ። "ቡድን መሪ አድርገውኛል። ያቺን አረፋ እንደሆነ ዛሬም የት እንደምትቆም አላውቅም። ድንጋዩን ተይው፣ ውሃ ልኩን አንቺ ያዥልኝ። ወረቀቱ በኔ ስም ይሁን፣ ዓይኑ ያንቺ ነው። ማንም አይጠይቅም፣ ማለቴ... እኔም አልናገርም።"

"አንተ አትናገርም?" አለችው። ጌቾ ፌዝ ይሁን እውነት ሊለይ ፊቷን ቢያየው አልቻለም። ከማግስቱ ጀምሮ ውሃ ልኩን ያዘች።

ግንቦት አስራ ስምንት፣ ማርያም ሦስት ቀን ሲቀራት፣ አስፈቅዳ አካፋ ይዛ ሮብ ገበያ ሄደች። ወገቧን በመቀነት ጥፍር አድርጋ አስራለች። ተዳፋቱ ላይ ስትወጣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሷን ቦይ አፈር ይመልሳል። የቢሮ ጫማው ጭቃ ጠጥቶ ሁለት እጥፍ አክሏል። አካፋውን እንደ ብዕር ነው የያዘው። ውበቱ ነው።

"አቶ ውበቱ፣ ዋስ እኮ የሚመጣው እኔ ስቀር ነው።"

"ትቀሪያለሽ ብዬ ነዋ" አለ ላቡን በፎጣው እየጠረገ። "ወረቀቱን ከከለከሉሽ በኋላ ምን ብለሽ ትመጫለሽ? እኔንም ከመዛኝነት አግደውኛል፣ ሥራ ፈት ነኝ። ለምን መጣሽ?"

ሰገነት አሰበችበት። ውስጧን ፈለገች፣ ቁጭትም ቢሆን፣ ንዴትም ቢሆን። "እንጃ" አለች። ጎኑ ቆማ መድፈን ጀመረች።

የሷን ሲጨርሱ እማሆይ ከታች ሆነው የሌሎቹንም ሰባት ቦይ በመቋሚያቸው ጠቆሙ። "እነዚያስ? ውሃ የማንን ፈተና እንደሆነ ጠይቆ ነው የሚወርደው?" ውበቱ "የነሱ ዋስ አይደለሁም እማሆይ!" ቢልም አካፋውን ይዞ ሄደ። ሰገነት አፈር ትቆርጣለች፣ እሱ ይመልሳል፤ አንዳንዴ ወገቧን ይዛ ትቆማለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። ቀትር አለፈ። ስምንተኛው ሲደፈን እማሆይ የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ይዘው ወጡ፤ አፈሩን በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አድርገው ሞከሩት።

"በል፣ ዋስነትህ ወርዷል" አሉት ውበቱን። ወደ ሰገነት ዞሩ። "አንቺስ፣ ያንን ወረቀት ሰጡሽ?"

"አልሰጡኝም።"

"ለምን?"

"በዋሱ ምክንያት።"

እማሆይ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። "እና ምን ይሁን? እኔ ልፈርምልሽ?"

"መጻፍ ይችላሉ እማሆይ?" አለ ውበቱ።

"ጣት አለኝ!" ብለው ጭቃ የነካ አውራ ጣታቸውን አሳዩት። ውበቱ አፈሩ ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሰገነት ሲስቅ አየችው። መሳቅ እንዲህ ነበር እንዴ፣ ትከሻ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፣ እያለች።

እማሆይ ትልቁን ድንች መርጠው "እንኪ፣ ትኩስ ነው፣ እንዳያቃጥልሽ" አሏት። እጇን ዘረጋች። መዳፏ ተልጦ ሥጋው ታይቷል፣ ጭቃውም ገብቶበታል። ድንቹን ተቀበለችና ቁስሉ ላይ ጨብጣ ያዘችው። ያመኝ እንደሆነ ብላ ጠበቀች።