"ምን አለች?"

እናቴ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሲጮህ ከስሩ የተቀመጠች ደንበኛ ምንም አትሰማም፤ ስለዚህ እናቴ ቤቱ ውስጥ የተወራውን ሁሉ ጮክ ብላ ትደግምላታለች። ሥራው ያመጣባት አመል ነው። የእኔንም ገበና የምትደግመው በዚያው ድምፅ ነው።

የወር አበባዬ መጀመሪያ የመጣ ቀን በሹክሹክታ ነገርኳት። ባንክ የምትሠራው ደንበኛችን፣ የባንኳ ሴትዮ የምንላት፣ ካስኩን ከፍ አድርጋ "ምን አለች?" ስትል እናቴ በደስታ ጮኻ ደገመችላት። በቢጎዲን የተጠቀለለ ጭንቅላት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "እንኳን ደስ ያለሽ!" እያሉ በእርጥብ እጃቸው ጉንጬን ቆነጠጡኝ። ከዚያ ወዲህ ሻምፖ ሲሸተኝ ቋቅ ይለኛል። ትልቅ ልጅ ሆኜ አልጋ ላይ መሽናቴንም ያውቃሉ። እናት ናት ወይስ ሬዲዮ?

ባለፈው ሳምንት ገላዬን ስታጠብ ጡቴ ውስጥ ጠጠር የመሰለ እብጠት ነካሁ። ደነገጥኩ። ሐኪም ቤት የምትወስደኝ እናቴ ናት፤ መንገር አለብኝ። ግን የባንኳ ሴትዮ ደረት ደረቴን እያየች ከንፈሯን ስትመጥ ታየኝና ሆድ ይፍጀው አልኩ። በየቀኑ እየነካሁ አደገ አላደገ እላለሁ።

ዛሬ እናቴ ከትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተመለሰች። ከልጆቻችሁ ጋር በግልጽ አውሩ ተብለዋል። እኔ ፎጣ አጥፋለሁ፤ እሷ የባንኳን ሴትዮ ፀጉር ትጠቀልላለች።

"ነይ እስቲ የኔ እናት፣" አለችኝ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛሽ ነኝ። በሆድሽ ያለውን ዘርግፊው።"

"እዚህ?"

"ታዲያ የት? እነዚህም እኮ እናቶችሽ ናቸው።"

እናቶቼ! ሌላዋ ደንበኛ ወሬው እንዳያመልጣት ማስቲካ ማኘኳን አቆመች። የባንኳ ሴትዮ በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ አለችልኝ፤ ጥርሷ ላይ ሊፕስቲክ አለ። አንገሸገሹኝ።

"ምንም የለኝም" ብዬ ፎጣዎቹን ታቅፌ ልወጣ ስል ደረቴን አመመኝ። ፍርሃቱ ከመጸየፌ በለጠ። እናቴ ሁለቱንም ሴቶች ካስክ ስር አስገብታ እስክትከፍተው ጠበቅሁና ጆሮዋ ስር ገባሁ።

"እማ፣ ጡቴ ውስጥ እብጠት አለ።"

ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ።

የባንኳ ሴትዮ ወዲያው ካስኩን ከፍ አደረገች። "ምን አለች? ምን አለች?"

የእናቴ አፍ እንደ ልማዱ ተከፈተ። ያንን አፍ ጠላሁት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ምንም አላለችም" አለች እናቴ፤ ካስኩንም በሴትዮዋ ጭንቅላት ላይ ቁልቁል ጫነችው። ከዚያ ሽርጧን ፈታ ወንበር ላይ ጣለችና እጄን ያዘች።

"ኧረ ወዴት ነው? ፀጉሬስ?"

"ሲደርቅ ካስኩን ራስሽ አጥፊው!" ብላ ጮኸችና በሩን ከኋላችን ዘጋች።