የተቀባው ካሚዮን

የካሚዮናችን ባሌስትራ የተሰበረ ዕለት ሌላው ሰው ከጎማው ሥር ድንጋይ ሲወትፍ እኔ ለልጄ የእስር ቤት ስንቅ ምን እንደሚሻለው አስብ ነበር። ዳቦ ቆሎ ይሻላል አልኩ፤ አይሻግትም። በሶም እጨምርለታለሁ። ሰው ይሳቅብኝ እንጂ ከጣልያን የተገዛ ነገር ሲሰበር ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ አውቃለሁ።

ባሌስትራ ከኋላ ጎማ በላይ ተደራርቦ ጭነቱን የሚሸከመው ብረት ነው። የእኛው ከእምድብር ወደ ወልቂጤ ስንወርድ "ጓ!" አለና ካሚዮኑ መታለብ እንደሰለቻት ላም በአንድ ጎኑ ተቀመጠ። ልጄ ደበሌ ከመሪው ወርዶ አየው።

"እማ፣ አይዞሽ፤ ዋስትና አለን" አለኝ።

እኔ አይዞሽ ስባል ይብስብኛል።

የዋስትናው ነገር እንዲህ ነው። ጣልያን ከገባ ሦስተኛው መስቀል ሲቃረብ ባለቤቴ ሀብተጊዮርጊስ አዲስ አበባ ነግዶ ያጠራቀመውን ይዞ መጣና፣ ወልቂጤ ጋራዥ ከከፈተው ከሲኞር ጋሎ ካሚዮኑን ለደበሌ ገዛለት። አረንጓዴ ቀለሙ ፊት ያሳያል። "አዲስ ነው፤ እስከ ፋሲካ ድረስ የተሰበረውን ሁሉ በነፃ እሠራለሁ" ብሎ ሲኞር ጋሎ ፈረመ። ባለቤቴ ወደ ንግዱ ተመለሰ። ካሚዮኑ ለልጄ፣ ጭንቀቱ ለእኔ ቀረ።

ካሚዮኑ ለመስቀል ደጃችን ሲደርስ የባለቤቴ ታላቅ እህት እትዬ ወለተ ሐና ቅቤ ይዘው ወጡ። እሳቸው ቤታችን የገባውን ሙሽራም ሆነ ጥጃ ሳይቀቡ አያሳልፉም። ለዚህኛውማ ክብሩ ነው ብለው ለክትፎ ያስቀመጡትን፣ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበትን ንጥር ቅቤ አወጡ። ችግሩ፣ የካሚዮን ራሱ የት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

"ራሱማ ይኼ መብራቱ ያለበት ነው" አለ አንዱ ጎረቤት።

"እሱማ ዓይኑ ነው! ሰው ዓይኑን ይቀባል? ውሃ የሚጠጣው በየት በኩል ነው?" አሉ እትዬ።

ደበሌ የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኑን፣ ከፍቶ አሳያቸው። አናቱ ይኼ ነው ብለው ጥግብ እስኪል ቀቡት። እልልታው ቀለጠ። እኔ "ይጎዳው ይሆን?" ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም።

እንግዲህ የተሰበረውን ካሚዮን በበሬ አስጎትተን ጋራዡ ስናደርስ ሲኞር ጋሎ መጀመሪያ የከፈተው ያንኑ ኮፈን ነው። ጣቱን አስገባ፣ አወጣ፣ አየ፤ ፊቱ በደስታ በራ። አስተርጓሚው ሰይዶ ኮፍያውን እንደ እንቁላል በሁለት እጁ የሚይዝ ቀጭን ሰው ነው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተረጎመልን።

"ቅቤ ነው ይላል። ቅቤ የገባበት መኪና ዋስትና የለውም ይላል። የጥገናው ዋጋ የአራት በሬ ነው ይላል።"

"ከሌለንስ?" አልኩ።

"ልጁ ለመንገድ ሥራው ጊቤ ማዶ ድንጋይ እያመላለሰ ይክፈል ይላል። እስከ ገበያ ቀን አስቡበት ይላል።"

ጊቤ ማዶ አርበኞቹ ካሚዮን ካዩ ይተኩሳሉ። የሚተኩሱት በጣልያን ላይ ነው፤ ጥይቱ ግን ሾፌሩ የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቅም። ቤቴ ስደርስ ከእስር ቤቱ ስንቅ አልፌ ተዝካሩ ላይ ማንን እንደምጠራ አስብ ነበር።

በገበያው ቀን ከደበሌና ከእትዬ ወለተ ሐና ጋር በእግር ተነሳን። ስንቁን በአንገት ልብሴ ቋጥሬ ይዣለሁ።

"እትዬ፣ እባክዎ እዚያ ስንደርስ ዝም ይበሉልኝ። ለምነን እናስቀንሳለን።"

"ዝም ለማለትማ ቤቴ ምን አነሰኝ?" አሉኝ።

ጋራዡ ስንደርስ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ጀመሩ። "ሰይዶ፣ ንገረው። እኔ የቀባሁት ፊቱን ነው። የተሰበረው ኋላው ነው። ምን አገናኛቸው?"

ሲኞር ጋሎ እጁን እያወናጨፈ ረጅም ንግግር አደረገ። ጮኸ፣ ሰማዩን አሳየ፣ ደረቱን መታ።

"አይሆንም ይላል" አለ ሰይዶ።

"ይኼን ሁሉ ተናግሮ?"

"ቅቤ ይፈሳል፤ ፈስሶ ኋላ ደርሷል ይላል።"

ሲኞር ጋሎ ከካሚዮኑ ሥር ገባና የተሰበረውን ብረት ጠርጎ ጣቱን እያሳየ ወጣ። ጣቱ በቅባት ይብለጨለጫል። እውነትም ቅቤ!

"ጌታዬ፣ በሬዎቹን እንሸጣለን፣ ያለንን ሁሉ…" ማለት ስጀምር፣

"ቆይ አንቺ!" አሉኝ እትዬ። የጣልያኑን ጣት በእጃቸው ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ሲኞር ጋሎ ደነገጠ። ደበሌ "ኧረ እትዬ!" አለ። እኔ ሁላችንም፣ በሬዎቹም ጭምር፣ ታስረን ታየኝ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ።

"ይኼ የእኔ አይደለም" አሉ።

"ምኑ?" አለ ሰይዶ።

"ቅቤው ነዋ! የእኔ ኮረሪማ አለው፣ ኮሰረት አለው። ይኼ ምንም የሌለው፣ የከረመ፣ የሻገተ ነው!"

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ካሚዮኑ ሥር ገቡ። የሚታየን እግራቸው ብቻ ነበር። ድምፃቸው ከሥር ይመጣል።

"እዚህም አለ! ውይ፣ ስስቷ! አሁን ይኼ ለካሚዮን የሚሰጥ ቅቤ ነው? ደበሌ፣ ና እስቲ፣ ይኼን ቀለም ፋቀው!"

ልጄ ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ነካው። ያ ፊት የሚያሳየው አረንጓዴ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጠ። ከሥሩ ቅቤ፣ ከቅቤው ሥር ደግሞ ቀይ ቀለም አለ።

"ቅቤው ከቀለሙ ሥር ነው" አለ ደበሌ ቀስ ብሎ። "ከእኛ በፊት ሌላ ሰው ቀብቶታል ማለት ነው። አዲስ አልነበረም።"

በዚህ ጊዜ ሰይዶ ኮፍያውን አፉ ላይ ከደነ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቁን ሊይዝ ነው። አልቻለም፣ አፈነዳው።

"የሸረፋ እናት ናት!" አለ እንባው እየወረደ። "የቡታጅራው ነጋዴ ሸረፋ! አምና ይኸው ካሚዮን ቀይ ሆኖ ተሸጠለት። ይኸው ባሌስትራ ተሰበረ። 'ቅቤ ቀብታችኋል' ተባለና መክፈል ሲያቅተው ካሚዮኑ ተወሰደበት። ያኔም የተረጎምኩት እኔ ነኝ! እንጀራዬ ነውና ዝም አልኩ።"

"ቡታጅራ ኮረሪማ ጠፋ እንዴ?" አሉ እትዬ ከሥር።

ሲኞር ጋሎ ከዚህ ሁሉ የገባው "ሸረፋ" የሚለው ስም ብቻ ነው። እሱ ግን በቃው፤ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ወሬው አጥሩን ዘልሎ ገበያ ደረሰ። ሰው ጎረፈ። ሁሉም ተራ እየያዘ ፊቱን ያሸትታል፣ ዞሮ ኋላውን ያሸትታል። "ፊቱ እንዴት ክትፎ ክትፎ ይላል!" ይላል አንዱ። "ጎመን አለ?" ይላል ሌላው። እኔ አንዱን ስቄ አንዱን እጨነቃለሁ፦ አሁን ወታደር ይመጣል፣ አሁን ይተኮሳል፣ አሁን ካሚዮኑ ሰው ላይ ይወድቃል።

እትዬ አቧራቸውን አራግፈው ተነሱና ግቢውን ቃኙ። ጥግ ላይ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ሌላ ካሚዮን ቆሟል።

"ያስ የማን ነው?"

"ለጣልያኑ አዛዥ የተሸጠ ነው፤ ነገ ይረከቡታል" አለ ሰይዶ።

"አዲስ ነው ብሎ?"

"አዲስ ነው ብሎ።"

እትዬ አፍንጫቸውን አስቀድመው ወደዚያ አመሩ። ሕዝቡ ተከተላቸው። ሲኞር ጋሎ እየሮጠ ቀደማቸውና በካሚዮኑ ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

"ባስታ! ባስታ!"

"በቃ" ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ማንም አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ከዚያ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሰይዶ አጭር ነገር ነገረው።

"ባሌስትራውን ዛሬውኑ በአዲስ ይለውጣል፤ ምንም አትከፍሉም፤ ልጁም የትም አይሄድም ይላል" አለ ሰይዶ። ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ "የሸረፋንም ገንዘብ ይመልሳል ይላል።"

ሲኞር ጋሎ የሸረፋን ስም ሲጠራ አልሰማሁም። ሰይዶ ግን ዞሮ በጣልያንኛ አንድ ነገር ነገረው፤ ወደ አዛዡም ካሚዮን በአገጩ አመለከተ። ሲኞር ጋሎ ጥርሱ እንደታመመበት ሰው አቃሰተና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ አዲሱ ብረት ገባ። ደበሌ ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል እትዬ ከብብታቸው ትንሽ ቅል አወጡ። ኮረሪማው ከሩቅ ይጠራል። እየሳቁ ጎንበስ አሉና ባሌስትራውን ከዳር እስከ ዳር ቀቡት። ሲኞር ጋሎ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ።

"ሰይዶ፣ ንገረው። ዳግመኛ ቢሰበር መጀመሪያ ያሽትት።"

ሦስታችን ተጣብበን ተቀመጥን፤ ልጄ በመሪው በኩል፣ እኔ መሐል። ካሚዮኑ ሞተሩ ብቻ እየተሰማ፣ ባሌስትራው ሲጥ ሳይል ዳገቱን ጀመረ። እኔ ደግሞ ይህ ዝምታ ምን ሊያመጣ ነው ብዬ የደበሌን ጉልበት ጨብጫለሁ።

"አንቺ" አሉኝ እትዬ፣ "ያ በአንገት ልብስሽ የቋጠርሽው ምንድን ነው?"

"የእስር ቤት ስንቅ ነው።"

ደበሌ በሳቅ መሪውን ሊለቅ ደረሰ። "ፊትህን እያየህ ንዳ!" ብዬ ጮህኩ፤ እየጮህኩም እኔው ሳቅኩ።

"ፍቺው፣ ርቦኛል" አሉ እትዬ።

እምድብር ሳንደርስ ዳቦ ቆሎውን ጨረስነው።