ባለ አንድ ነጥቡ ፕሮሰሰር

የሥራ ባልደረቦቿ እትዬ ነጥብ ይሏታል። ስሙ የወጣላት ከእርሳሷ ነው። የሰርቨር ፕሮሰሰር፣ የትልልቅ ኮምፒውተሮችን አንጎል፣ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈታሽ ሆና ሠርታለች። አንድ ፕሮሰሰር ብቻውን ተፈትኖ ሲያልፍ ጥጉ ላይ አንድ ነጥብ ታደርግበታለች፤ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ሰርቨር ላይ ተሰክቶ ሲያልፍ ደግሞ ሁለተኛ ነጥብ ትጨምራለች። ብቻውን ጎበዝ የነበረው ሁሉ ከሌሎች ጋር አይሆንለትም። አራቱ ሥራ ተካፍለው አንዱ የሌላውን መልስ ሲጠብቅ፣ ጉዱ የሚፈላው ያን ጊዜ ነው።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ሁለቱ ሲግባቡ ነው» ትላለች፣ አዲስ ለተቀጠረ ሁሉ።

የነጥቡን ነገር ከድርጅቱ ውጭ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሴት ልጇ። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያደገችው በእናቷ የሥራ ወሬ ነው። ተማረች፣ ተመረቀች፣ ተቀናቃኙ ድርጅት ቀጠራትና ሌላ ከተማ ሄደች። የሄደች ዕለት ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ፣ «እማዬ፣ ከእንግዲህ ስለ ሥራ አናወራም። አትጠይቂኝ፣ አልጠይቅሽም» አለቻት።

«እሺ የኔ እናት።»

ልጅቷ ልክ ነበረች። ሁለቱ ድርጅቶች እንደ ጣውንት ነበር የሚተያዩት፤ አንዱ ፈጣን አወጣሁ ሲል ሌላው በወሩ የባሰ ፈጣን ይዞ ብቅ ይላል። ችግሩ፣ ለካ የእናትና ልጅ ወሬ ሁሉ ሥራ ኖሯል። ሥራው ሲወጣለት የተረፈው የአየሩ ነገር ብቻ ሆነ። ልጅቷ እሑድ እሑድ ትደውላለች።

«ብርድ አለ እናንተ ጋ?»

«አለ። እናንተስ ጋ?»

«እኛም ጋ አለ።»

አራት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ እስከሚቀጥለው እሑድ ቤቱ ውስጥ ድምፅ ያለው ነገር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው።

በዚህ መሀል አንድ ትልቅ የመድን ድርጅት ለቅርንጫፎቹ ሁሉ ሰርቨር ሊገዛ ተነሣ። የሁለቱንም ጎን ለጎን አቁሞ ሁለት ቀን አሠርቶ የጸናውን ሊወስድ ወሰነ።

«ይኼ ካመለጠን ክፍላችን ይዘጋል» አለ ኃላፊዋ። «አሥራ አራታችሁም ቤታችሁ ናችሁ።»

«አሥራ አምስት። ራስዎን አልቆጠሩም» አለችው።

የመድን ድርጅቱ የማሽን ክፍል ብርድ ነበረው። በፈተናው ቀን ስትገባ ልጇ የተቀናቃኙን ማሽን ይዛ ከእሷ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ቆማለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ሳምንቱን ሙሉ የፈራችው ይህንኑ ነበር።

«እንደምን አደሩ» አለች ልጅቷ።

ዕድሜዋን ሁሉ «አንቺ» ስትላት የኖረች ልጅ አንቱ አለቻት። ሰው ስላለ ነው፣ አለች እናት በልቧ። «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ወደ ማሽኗ ዞረች።

ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው ከልጅቷ አራት ፕሮሰሰሮች አንዱ አልነሣ አለ። «ፍጠኚ እንጂ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትኩዪው» አላት ባልደረባዋ። ልጅቷ ከቦርሳዋ መለዋወጫ አወጣች፣ ጥጉን በጨረፍታ አየችና ሰካችው። እናትም አየች። ሁለት እርምጃ አይርቅም። ልጅቷ የእናቷን ምልክት ይዛ ሄዳ ኖሯል፤ በእርሳስ የተደረገ፣ አንድ ነጥብ ብቻ።

ልጅቷ ሙቀቱን የሚያበርድለትን ብረት ስትከድንበት ነጥቡ ተሸፈነ። እናት አፏን ከፈተች። አሥራ አራቱ ትዝ አሏት፣ «አናወራም» ትዝ አላት፣ «እንደምን አደሩ» ትዝ አላት። ምናልባት እነሱ ዘንድ አንድ ነጥብ ይበቃ ይሆናል፣ ብላ ራሷን ሸነገለችና አፏን ዘጋች።

በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ የልጅቷ ማሽን ቆመ። ሦስቱ ፕሮሰሰሮች የአራተኛውን መልስ እየጠበቁ ደርቀው ቀሩ። ልጅቷ ፈታችው፣ ጥጉን ጠረገችው፣ ብዙ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ሁለቱን ጠረጴዛዎች የሚለየውን ርቀት በዓይኗ ለካች፤ በመጨረሻ እናቷን አየች።

ግዢው የእነሱ ሆኖ ሲመለሱ ኃላፊዋ፣ «እትዬ ነጥብ፣ ከጉድ አወጡን» አላት።

«እኔ ምንም አላደረግሁም» አለች። እውነቷን ነበር።

እስከ እሑድ ድረስ ልጇን በሐሳቧ ከሥራ አስባረረቻት፣ አሳመመቻት፣ በማታውቀው መንገድ ላይ ብቻዋን ስታለቅስ አየቻት። ስልኩ ግን በሰዓቱ ጮኸ።

«ደህና ነሽ የኔ እናት? ሥራሽ ...»

«ሌላ ክፍል አዛወሩኝ።» አለች ልጅቷ። «አይተሽው ነበር?»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያን ያለው ሰው ልጅ አልነበረውም ይሆናል።

«አየሁት።»

ከልጇ ስድብ ጠበቀች፣ ልቅሶ ጠበቀች። ቢመጣ ደስ ባላት።

«ልጄ፣ ያን ቀን እኔ ...»

«ስለ ሥራ አናወራም ብለናል፣ እማዬ» አለች ልጅቷ፣ በለዘበ ድምፅ። «ብርድ አለ እናንተ ጋ?»

እናት በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«አለ» አለች።