ትሪውን የያዙ እጆች

ረክሻው ድንገት ቆመ። ከፊት መንገዱ በጡብና በቆርቆሮ ተዘግቷል፤ መሐሉ ላይ አንድ ጎማ ይጨሳል።

«ያላ! ምን ያስቆምሃል?» አለች ሉጥፊያ፣ አንገቷን በጎን አውጥታ።

«መንገድ የለም፣ እህቴ» አለ ነጂው ኦመር። ሞተሩን አጠፋ። «ይቺን ቤንዚን ለመቅዳት ስድስት ሰዓት ተሰልፌያለሁ። ቆሜ አላቃጥላትም።»

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነው ነው?»

«ዳቦ ነዋ። ዳቦ ሲጠፋ ይዘጋሉ፤ ሚኒስትር ሲጠሉ ይዘጋሉ። ባለፈው ሳምንት እኔም ዘግቼ ነበር፤ ዛሬ ተራው የነሱ ነው።»

«በሌላ በኩል ዙርልኝ።»

«በየት? አየር ማረፊያውን ሰንጥቄ ልለፍ? ይሄ ረክሻ ነው፣ ክንፍ የለውም።»

ሉጥፊያ አልሳቀችም። ሂሳቡን ሰጥታው ወረደች። ሪያድ ከሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ስትወጣ ለመዳሟ «ዱካን ሄጄ ለሻዩ ናዕናዕ ልግዛ» ነበር ያለቻት። ዱካኑ ከበሩ ማዶ ነው። ናዕናዕ ገዝቶ ለመመለስ ሩብ ሰዓት ይበቃል። እሷ ግን ከወጣች አንድ ሰዓት ሊሆናት ነው፤ ከሰዓት በዐስር ሶላት ላይ ደግሞ እንግዳ ይመጣል።

ያስወጣት የብርቅነሽ ስልክ ነበር። ብርቅነሽ ዴም የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከሐበሾቹ ትምህርት ቤት አጠገብ ምግብ ትሸጣለች። የሉጥፊያ ልጅ ሬሕማም የምታድረው እሷ ዘንድ ነው። ሉጥፊያ የምትኖረው ከምትሠራበት ቤት ስለሆነ ልጇን የምታያት ዓርብ ዓርብ ብቻ ነው።

«ሉጥፊያ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትደንግጪ» ነበር ያለቻት ብርቅነሽ። እንዲህ የሚል ሰው ካላስደነገጠ አይመለስም። «ልጅሽ የመዳምሽን ሳሎን ከመጽሔት ቀድዳ ትልቅ ወረቀት ላይ ለጥፋዋለች። ዐይኔ ነው ያየው። ከሥሩ የባልየውን ስም ጽፈዋል። ሪያድ ብለው ሰፈሩንም ጽፈዋል። በአማርኛም በዐረብኛም።»

«ምን ብለው?»

«‹እዚህ ቤት ሠራተኛ ፊት የላትም› ብለው። ዛሬ ከትምህርት በኋላ መንገድ ዳር ግንቡ ላይ ይሰቅሉታል፤ ፌስቡክም ላይ ይወጣል አሉ።»

ሉጥፊያ ካውያውን ነቅላ ወጣች።

ጡቡን ተሻገረች። መፈክር የሚያሰሙት ወጣቶች እጇን ይዘው አሳለፏት። «በይ ኻልቲ፣ ቀስ» አላት አንዱ። ፊቱ በአቧራ ነጥቷል፤ ደስ ያለው ይመስላል። እነሱ ስም እየጠሩ ይጮኻሉ፤ ማንንም አይፈሩም። እሷ ግን ትፈራለች። የመኖሪያ ወረቀቷ፣ ኢቃማዋ፣ በመዳሟ ባል ስም ነው የሚታደሰው። የሚታደሰውም በሚቀጥለው ወር ነው። እሱ እጁን ካነሳ፣ ከመንገድ እያፈሰ የሚወስደው የፖሊስ ከሻ አለ። መንግሥት ተለውጧል፤ ከሻ ግን ያው ከሻ ነው። ስምንት ዓመት በዚያ ቤት ሠርታለች። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን ስማቸውን ግንብ ላይ የጻፈባቸውን ማን ዝም ይላል?

ጥፋቱ ደግሞ የራሷ ነው። ትምህርት ቤቱ «ማስታወቂያ የምናጠናበት የተጣለ መጽሔት ካላችሁ አምጡ» ሲል፣ መዳሟ የጣለችውን አንድ ክምር በፌስታል ጠቅልላ ያመጣችው እሷ ናት። ዐረብኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። አንዱንም አልገለጠችውም። ከሦስት ወር በፊት ቤታቸው የተነሳው የሻይ ማስታወቂያ እዚያ ውስጥ ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ትምህርት ቤቱ ስትደርስ ላቧ ጀርባዋ ላይ ወርዶ ነበር። ትምህርት ቤት ይባል እንጂ የተከራየ ግቢ ነው። አራት ክፍል፣ አንድ የኒም ዛፍ፣ አንድ የውኃ በርሜል። ከመጨረሻው ክፍል ድምፅ ይሰማል። በመስኮቱ አየች።

ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። የሳሙና፣ የስልክ፣ ጥቁሯን ሴት በሳምንት አቅልቶ የሚያሳይ ቅባት። በአንድ ጎን በእጅ የተሠመረ ሠንጠረዥ አለ። በዐሥራ ሁለት የዘፈን ክሊፕ ውስጥ ሃምሳ ሦስት ሴቶች ይታያሉ ይላል። የሚጨፍሩ፣ ሃምሳ አንድ። የሚናገሩ፣ ዜሮ።

መምህር ብርሃኔ ቆመዋል። ድሮ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ፊደል ይለቅሙ የነበሩ ሰው ናቸው። ይህን ማስታወቂያና ክሊፕ የመመርመር ትምህርት የጀመረው ወጣት መምህር ካናዳ ሲሄድ ለሳቸው ጥሎት ሄደ። ዘፈኑን አይወዱትም። የሚጠይቁት ጥያቄ ሦስት ብቻ ነው፤ ማን ሠራው፣ ለማን ሠራው፣ ማን ጎደለ።

«ሬሕማ፣ ቀጥዪ» አሉ።

ሬሕማ ከሰሌዳው ፊት ቆማለች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ወረቀቱን ወደ ላይ ያዘችው። አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጆች ሶፋ ላይ ይስቃሉ። ከዳር ሁለት ጥቁር እጆች ትሪ ይዘው ገብተዋል። ከክንዱ በላይ ሰው የለም።

«ይሄን ኩባንያ ሠራው። ለሀብታም ቤት። የጎደለው ደግሞ...» ሬሕማ አማርኛው ጠፋባት፤ ጣቷን ወደ እጆቹ ዘረጋች። «ይሄ ጠባሳ፣ ዘይት ነው ያቃጠለው። ይሄ እጅ የእናቴ ነው።»

«ቆረጧት» አለ ኤልያብ የሚባል ረጅም ልጅ ከኋላ። በሰልፍ ጩኸት ድምፁ ሻክሯል። «ትሪው ያስፈልጋቸዋል፣ ሴትየዋ አታስፈልጋቸውም። ወላሂ ይሄ ዛሬውኑ መሰቀል አለበት! ስማቸው ይታወቅ!»

አጨበጨቡ። ሉጥፊያ በሩን ገፍታ ገባች።

«አልቆረጡኝም» አለች።

ሁሉም ዞሩ። ሬሕማ ወረቀቱን ዝቅ አደረገችው። «ዩማ?» አለች እናቷን።

«እንደምን ዋሉ፣ መምህር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሳላንኳኳ ነው የገባሁት። ይሄ ነገር እንዳይወጣ ብዬ ከሪያድ እየሮጥኩ ነው የመጣሁት።»

«ይግቡ፣ ወይዘሮ ሉጥፊያ። ምን አሉ? አልቆረጡኝም ነው ያሉት?»

«አልቆረጡኝም። ፎቶ አንሺው ‹ፊትሽንም ላንሳው፣ ጭማሪ አለው› ብሎኝ ነበር። መዳሟም ‹ተነሺ፣ ታምሪያለሽ› አለችኝ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አለች ሬሕማ።

ሉጥፊያ መልሱን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መናገር አልፈለገችም። የሻርፗን ጫፍ ጠመዘዘች።

«ጓደኞችሽ እንዳያዩኝ ብዬ ነዋ» አለች በመጨረሻ። «መጽሔት ይዞራል። እናትሽ ሽርጥ ታጥቃ ትሪ ተሸክማ እንዳያዩብሽ።»

የሬሕማ ዐይን እንባ ሞላ፤ ከአፏ የወጣው ግን ቁጣ ነው።

«እነሱ ያውቃሉ እኮ! ከመጀመሪያ ቀን ነገርኳቸው። እናቴ ሰው ቤት ትሠራለች፣ እኔ በሷ ሥራ እማራለሁ አልኩ። እኔ ደበቅኩሽ? መቼ ደበቅኩሽ፣ ዩማ?»

ሉጥፊያ ሦስት ወር ሙሉ ልጇን ከኀፍረት እንደጠበቀች ታስብ ነበር።

ስልኳ ጮኸ። መዳሟ ናት።

«ሉጥፊያ፣ ናዕናዑን ልትዘሪው ሄድሽ እንዴ?»

«መንገድ ተዘግቶ ነው፣ መዳም። እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ዘጋችው።

«እትዬ፣ ሳይቆርጡሽም ቢሆን መሰቀል አለበት» አለ ኤልያብ፣ አሁን ቀስ ብሎ። «ካልሰቀልነው አብዮቱ ምን ጠቀመ?»

«የኔ ልጅ፣ አንተ ወረቀት ትሰቅልና ቤትህ ትገባለህ። እኔ ግን ከቤት እወጣለሁ። ወረቀቴ የሚታደሰው በሰውየው ስም ነው። ሰዎቹ ደግሞ ያላደረጉትን ነው የጻፋችሁባቸው።»

«ይሄ እውነት ነው» አሉ መምህር ብርሃኔ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ደክሟቸው እንጂ ለወግ አልነበረም። «ተሳስተናል፣ ልጆች። ማን ጎደለ ብለን ጠየቅን። ማን እምቢ አለ ብለን ግን አልጠየቅንም። ጥፋቱ የኔ ነው። ማተሚያ ቤት ሳለሁ የጻፈውን ሰው ሳልጠይቅ አንድ መስመር አርሜ ሰው አሳስሬያለሁ። መማር ነበረብኝ።» ከመሳቢያቸው መቀስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እጁ የርስዎ ነው፣ ወይዘሮ ሉጥፊያ። ይቀደድ ካሉ አሁኑኑ ይቀደዳል።»

ሬሕማ ወረቀቱን አቀበለቻት፤ ቀና ብላ አላየቻትም።

ሉጥፊያ ለመቅደድ ያዘችው። ከዚያ አየችው። ፎቶውን የተነሳች ቀን ሥራ ላይ ስለነበረች ምን እንደሚመስል አላሰበችም። ትሪው ቀጥ ብሏል። አንድ ብርጭቆ አልተንጋደደም። ይህን ትሪ ስምንት ዓመት እንዲህ አድርጋ ይዛዋለች፤ ሬሕማ በዚህ ትሪ አንድ ክፍል ሳትወድቅ እዚህ ደርሳለች።

«መቀሱን አንሺው» አለች። «የሰውየውን ስም ቁረጪው። ሰፈሩንም።»

ሬሕማ ቆረጠችው። ቀጭኑ ወረቀት ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

«ይሄም ይውጣ፣ ፊት የላትም የሚለው። ውሸት ነው።»

እሱም ተቆረጠ። ከሥዕሉ በታች ባዶ ነጭ ቀረ።

«ታዲያ ምን ቀረ?» አለ ኤልያብ ተስፋ ቆርጦ። «መልሳችሁ የሻይ ማስታወቂያ አደረጋችሁት እኮ! ኩባንያው ይክፈለን እንግዲህ!»

ልጆቹ ሳቁ። ሬሕማም ሳትወድ ሳቀች፤ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። ሉጥፊያ ባዶውን ቦታ ታያለች።

«ስሜን ጻፊበት» አለች።

መምህር ብርሃኔ ከወንበራቸው ቀና አሉ።

«አስበውበታል? ሰው አይቶ ቢነግራቸውስ?»

«ቤታቸውን አላነሳሁባቸውም፣ መምህር። ስሜን ደግሞ ከነሱ አልተበደርኩም። ጻፊ፣ ሬሕማ። ትሪውን የያዘችው ሉጥፊያ ይመር ናት በዪ።»

ሬሕማ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ በወፍራም ማርከር ጻፈች። አማርኛ ስትጽፍ ምላሷን ታወጣለች። ሉጥፊያ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለችና እያንዳንዱን ፊደል ተከተለችው። ስሟን በዚህ መጠን ተጽፎ አይታ አታውቅም።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ከውጭ የዐስር ሶላት አዛን ጀመረ። እንግዶቹ ይደርሳሉ።

ሬሕማ ማርከሩን ከወረቀቱ አላራቀችም። «ኻላስ፣ ይሄ ይበቃል?» አለች በቀስታ። «መዳም አማርኛ አታውቅም። በዐረብኛ ካልጻፍኩት አታነበውም።»

ስልኩ በሉጥፊያ መዳፍ ውስጥ ይርገበገባል። የመዳሟን ስም የምታውቀው በቅርጹ ነው፤ የዐረብኛውን ፊደል አንዱንም ለይታ አታነብም። የራሷም ስም በዚያ ፊደል ምን እንደሚመስል አታውቅም፤ ኢቃማዋ ላይ ተጽፏል ይሏታል እንጂ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

«በዐረብኛም ጻፊው» አለች። «ከዚያ የትኛው የኔ እንደሆነ በጣትሽ አሳዪኝ።»